የትኛውን ፉርጎ ልግዛ? መልሱን ከዚራ ላይ ያገኙታል

ልጅዎ ባቡር ይወዳል? ወለሉ ላይ ተንበልብሎ ወንበሩን ዋሻ፣ ጫማውን ድልድይ የሚያደርግ ልጅ ቤትዎ ካለ፣ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ እርስዎም ዘንድ መምጣቱ አይቀርም፦ ውጭ ያለ ዘመድ ይደውልና “የሞዴል ባቡር ልልክለት ነው፤ የትኛውን ላምጣ?” ይልዎታል።

እኔ ጋ የደረሰው ባለፈው ዓመት ነበር። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ለዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ብላ ሦስት ፎቶዎች ላከችልኝ። ሦስቱም የጭነት ፉርጎዎች ናቸው፤ ክዳን የላቸውም፣ ሆዳቸው ወደ ታች እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይጠብባል። የድንጋይ ከሰል መጫኛ ናቸው። አንዱ የባችማን፣ ሁለተኛው የአኩሬይል፣ ሦስተኛው የካዲ ምርት ነው። “ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። የቱ ይሻላል?” አለችኝ።

ልጄ ስልኬን ነጥቆ አየና “እማዬ፣ ከሰል የሚጫነው በማዳበሪያ ከረጢት አይደለም እንዴ? በባቡርም ይጫናል?” አለ።

እውነቱን ነው። ለእኛ ከሰል ማለት በጀበናው ሥር ያለው ነው። ፉርጎ ሙሉ የድንጋይ ከሰል ግን የሌላ አገር ታሪክ ነው፤ ከፔንሲልቬንያና ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች እየተቆፈረ በመቶ ፉርጎ ተቀጣጥሎ ወደ ፋብሪካና ወደብ የወረደ ጭነት። የአሜሪካ ሞዴል ሠሪዎች ይህንን ፉርጎ ደጋግመው የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ሦስቱን ለመለየት እውቀቱ አልነበረኝም። እውቀቱ ያለው ሰው ግን አውቃለሁ። አባቴ ድሬዳዋ በሚገኘው የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። ችግሩ፣ አባቴ ሥራው ከቆመ ወዲህ ስለ ባቡር ማውራት አይወድም። ከቤቱ ወደ ገበያ ሲወጣ እንኳን በጣቢያው ፊት ማለፍ ትቶ በሌላ መንገድ ይዞራል። ቢሆንም ለግማሽ ዓመቱ የትምህርት ቤት እረፍት ልጄን ይዤ ወረድኩ። እህቴም ለሙከራ ብላ ከሦስቱ አንዱን፣ የአኩሬይሉን፣ በመንገደኛ ላከችልን።

ጥላ ያለው ሰፈር

ከዚራን ካላወቁት እንዲህ ያስቡት። ድሬዳዋን ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዝ እንበለው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ አሸዋ ነው፤ ዝናብ ከላይ ተራራው ላይ ሲወርድ ግን በድንገት የሚያስፈራ ጎርፍ ይሆናል። ከወንዙ ወዲያ ማዶ መጋላ አለ፤ ጠመዝማዛ መንገድ፣ የቀፊራ ገበያ፣ የቅመም ሽታ፣ ጫጫታ። ወዲህ ማዶ ከዚራ ነው፤ በባቡሩ ዘመን በቀጥታ መስመር የተቀየሰ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ለድሬ ልጅ ከዚራ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ጥላ ነው። በየከተማችን “የድሬዳዋ ዛፍ” የምንለው ቀይ አበባ የሚያፈሰው ዛፍም ስሙን ከዚህችው ከተማ ነው የወሰደው።

ሰፈሩም ከተማውም የባቡር ልጅ ናቸው። ዓፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ከባድም ውድም ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ቀረ፤ በ1902 መጨረሻ የመጀመሪያው ባቡር እዚህ ሲደርስ በዙሪያው አዲስ ከተማ በቀለ። መጀመሪያም “አዲስ ሐረር” ተብላ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ቆሞ፣ ሥራው በሌላ ኩባንያ እንደገና ተጀምሮ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። መላው መስመር 784 ኪሎ ሜትር፤ ድሬዳዋ ደግሞ ትልቁ ጥገና የሚካሄድባት የመስመሩ ልብ።

የዚያ ዘመን ቅሪት ዛሬም በከተማው አፍ ውስጥ አለ። ጣቢያው “ለገሃር” ነው፤ ከፈረንሳይኛው “ላ ጋር”። አባቴና ጓደኞቹ ዛሬም ሲገናኙ “ቦንዡር” ይባባላሉ።

አንድ ሜትር

የደረስን ቀን አባቴ ፉርጎዋን በሣጥኗ እንዳለች አየት አደረገና “ጥሩ ነው” ብሎ ወደ ቡናው ተመለሰ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣውም።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ሣጥኑ ላይ “1:87” የሚል ቁጥር አንብቧል። ይህ ማለት እውነተኛው ነገር ሰማንያ ሰባት ጊዜ አንሷል ማለት እንደሆነ ነገርኩት። “እንግዲያው የአባባ ባቡር ሐዲድ ሲያንስ ስንት ይሆናል?” አለኝ። እኔ አላውቅም። አባቴም ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ተነሣና የእናቴን የልብስ ስፌት ሜትር ከመሳቢያው አወጣ፤ ባርኔጣውን አደረገ። “መለካት ነዋ” አለ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ በጥላው ሥር ወደ ጣቢያው ሄድን። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ አባቴን ሲያይ ብድግ አለና “ቦንዡር ሸፍ! አቦ የት ጠፋህ?” አለው። አባቴ ሳቅ አለ። ፈቃድ ጠይቀን ገባን።

ወደ ግቢው ሲገቡ የሚያዩትን ልንገርዎ። የዛጉ ፉርጎዎች በተርታ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሣር በቅሏል። ከጥገናው አዳራሽ ውስጥ ከአንድ ክፍለ ዘመን ያላነሰ የፈረንሳይ ቋንቋ የተጻፈባቸው ማሽኖች፣ ቶርኖዎች፣ መሰርሰሪያዎች፣ መዶሻዎች አሉ። ልጆች እዚህ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የእኔም አደረገ።

ልጄ ተንበርክኮ ሜትሩን ከአንዱ ሐዲድ የውስጥ ጠርዝ ወደ ሌላው ዘረጋ። “መቶ! ልክ መቶ ሳንቲ ሜትር!” ብሎ ጮኸ።

አባቴ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። “አንድ ሜትር ነው። ቀጭን ሐዲድ ስለሆነ ተራራውን ጠምዘዝ እያለ መውጣት ይችላል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ከከተማው ውጭ ያለው አዲሱ የቻይና ሐዲድ ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓለም ላይ አብዛኛው አገር የሚጠቀምበት” አለው። ከዚያ በግቢው አሸዋ ላይ በጣቱ ማካፈል ጀመሩ። 1435ን ለ87 ሲያካፍሉ 16.5 ሚሊ ሜትር። ሣጥናችን ላይ የተጻፈው የሐዲድ ስፋት ይኸው ነው። 1000ን ለ87 ሲያካፍሉ ደግሞ ወደ 11.5።

“እንግዲያው የአክስቴ ፉርጎ የአዲሱ ባቡር እንጂ የአባባ ባቡር አይደለም” አለ ልጄ።

በዚያ ጠዋት አባቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራ። የትኛው ማሽን የእርሱ እንደነበር፣ የተበላ የባቡር መሽከርከሪያ እንዴት በቶርኖ ተሞርዶ ወደ ልኩ እንደሚመለስ፣ ቡናና ቆዳ ጭኖ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ሌሊት ሲነሣ ከዚራ ያሉ መስኮቶች እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ። እኔም ያን ሁሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሦስቱ ፉርጎዎች

ከሰዓት በኋላ ድሬ በሙቀቱ ስታሸልብ እኛ በረንዳው ላይ ፉርጎዋን ፈታናት። የተማርነውን ለእርስዎም ይኸው።

የአኩሬይሉ ፉርጎ ተበትኖ ነው የሚመጣው፤ እርስዎ ነዎት የሚገጣጥሙት። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ትዕግሥት ያለው ልጅ በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል። ዋጋውም ከሦስቱ ለኪስ የሚቀለው እርሱ ነበር። የባችማኑ ተገጥሞ፣ ከሣጥኑ ወጥቶ ወዲያው ሐዲድ ላይ የሚቀመጥ ነው። ከባችማን ምርቶች “ሲልቨር ሲሪስ” የሚባለው ዓይነት የብረት መሽከርከሪያ ይዞ ይመጣል። ካዲ ደግሞ በይበልጥ የታወቀው ፉርጎን ከፉርጎ በሚያገናኙ የብረት ማያያዣዎቹ ነው፤ ፉርጎዎቹም ጥቃቅን ዝርዝራቸው የተዋጣላቸው ናቸው፤ ለመደርደሪያ ያምራሉ፣ በልጅ እጅ ግን ቀጫጭን መሰላሎቹ ቶሎ ይሰበራሉ።

አባቴ ስሙንም ቀለሙንም አላየም። ገልብጦ ሥሯን አየ። “ሞተር የሌለው ነገር የሚመዘነው በእግሩ ነው” አለ። የእንጨት መክተፊያ በትንሹ አዘንብሎ ፉርጎዋን ለቀቃት። ቀጥ ብላ፣ ሳትወላገድ ወረደች። መሽከርከሪያዋ ግን ፕላስቲክ ነበር። “ይህ አቧራ ይሰበስባል፤ የድሬን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ” አለ። ልክ ነው፤ የፕላስቲክ መሽከርከሪያ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቆሻሻውንም ወደ ሐዲዱ ያጋባል። ብረቱ የተሻለ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ለብቻው ተገዝቶም ሊቀየር ይችላል።

ቀጥሎ ክብደት ነው። በአሜሪካ በ1935 የተቋቋመው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለዚህ መጠን ምጣኔ አለው፦ ለአንድ ፉርጎ መነሻ 28 ግራም፣ በዚያ ላይ በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ ርዝመት 14 ግራም ይጨመራል። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ፉርጎ ወደ 113 ግራም መሆን አለበት ማለት ነው። ቀለል ያለ ፉርጎ ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል፤ ልጅም ያለቅሳል። የእኛዋን በእናቴ የወጥ ቤት ሚዛን ስናስቀምጣት ጎደለች። አባቴ ከዕቃ ማስቀመጫው ሦስት የቆዩ ዳዶዎች አምጥቶ በሆዷ ውስጥ በማጣበቂያ አስቀመጠ።

ታዲያ ዳዶዎቹን በምን እንሸፍናቸው? ልጄ ነው ያሰበው። አያቱ ቡና ካፈላች በኋላ ከከሰሉ ከረጢት ሥር የቀረውን ስባሪ ለቀመ፣ በሙቀጫ ደቀቅ አደረገ፣ ማጣበቂያ የተቀባው ላይ በተነው። የፔንሲልቬንያ ፉርጎ የድሬዳዋን ከሰል ጫነች።

ከመግዛትዎ በፊት

እርስዎም ለዘመድዎ መልስ ከመስጠትዎ በፊት አምስት ነገሮችን ይጠይቁ።

አንደኛ፣ ምጣኔው ስንት ነው? በ1:87 የተሠራው በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው ነው። 1:160 የሆነው ለጠባብ ቤት ይመቻል፤ ለትንሽ እጅ ግን በጣም ይደቃል። የእንግሊዙ ሆርንቢ በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ቢሄድም አካሉ 1:76 ስለሆነ ከ1:87 ጋር ሲቀጠል ወፈር ብሎ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ከምን ጋር ይቀጠላል? የአሜሪካ ፉርጎዎች ማያያዣ እንደታጠፈ ጣት ነው፤ የአውሮፓዎቹ በብዛት ቀለበትና መንጠቆ ነው። ሁለቱ አይያያዙም። የጀርመኑን ማርክሊን ካሰቡ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የ1:87 ባቡሩ ኤሌክትሪኩን ከሐዲዱ መካከል ስለሚወስድ አሠራሩ ከሌሎቹ የተለየ ነው። የእርሱን ፉርጎ በሌላ ኩባንያ ሐዲድ ላይ እንዳለ ቢያስቀምጡት ሁለቱን ሐዲዶች አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል። አንድ ሥርዓት ይምረጡና በእርሱ ይጽኑ።

ሦስተኛውና ለእኛ አገር ዋነኛው፣ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ከአሜሪካ የመጣ ትራንስፎርመር ላይ “120” ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግድግዳው ላይ አይሰኩት። አንድ ጎረቤታችን የልጃቸው ልደት ላይ ሶኬት ቀይሮ በሚሰካ አስማሚ ብቻ ሰክተውት ሻማው ሳይበራ ጭስ ወጣ። አስማሚ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። “100–240” የሚል ከሆነ ችግር የለውም፤ ካልሆነ ቮልት የሚቀንስ መለወጫ ያስፈልግዎታል፣ ወይም ትራንስፎርመሩን ከአውሮፓ በሚመጣ ሰው ያስልኩ።

አራተኛ፣ ቦታ አለዎት? በአሜሪካ የ1:87 ሐዲዶች ትንሹ የተለመደ ኩርባ ከመሐል እስከ ሐዲዱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ክብ ለመሥራት ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጠረጴዛ ወይም ወለል ይፈልጋል። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

አምስተኛ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እነዚህን ጥቃቅን ክፍሎች አይስጡት፤ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ቤት ውስጥ ካለም ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። ለትንንሾቹ እንደ ስዊድኑ ብሪዮ ያለ የእንጨት ባቡር ይበቃል፤ መብራትም አይፈልግም።

“እኛ የምንፈልገው የአባባን ባቡር ነው” ካሉ ደግሞ ለአንድ ሜትር ሐዲድ የሚሠሩ አሉ። የጀርመኑ ቤሞ የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሠራል። ኤል.ጂ.ቢ. የሚባለው ትልቁ ደግሞ በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሄዳል፤ ምጣኔው 1:22.5 ስለሆነ ቢያባዙት አንድ ሜትር ገደማ ይመጣል። በጓሮም ይሠራል፤ ዋጋው ግን ለብዙዎቻችን ከበድ ይላል። ለእኔ ልጅ ይህን ሳሰላለት አባቴ ሰምቶ “የሚገርም ነው፤ የእኛ ሐዲድ በዓለም ላይ ዘመድ አለው ለካ” አለ።

ጉዞውን ለማቀድ

ወደ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ከልጅ ጋር መንገድ ላይ አዳር ቢያስቡ ጥሩ ነው። ልጅዎ ባቡር የሚወድ ከሆነ ግን በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት በጀመረው በአዲሱ ባቡር ቢሄዱ ይመከራል፤ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ይነሣል። የጉዞ ቀኑንና የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ያረጋግጡ። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ መሆኑንም አይርሱ፤ ከዚራ ያለው ለገሃር የድሮው ነው።

ወሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ሙቀቱ ለልጆች ይሻላል። የድሮው ጣቢያና የጥገና አዳራሹ እንደ ሙዚየም ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም፤ በሩ ላይ በትሕትና ፈቃድ ይጠይቁ። ጠዋት ይሂዱ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ያርፋልና እርስዎም ይረፉ። አመሻሹ ላይ በባጃጅ ወደ ቀፊራ ይሻገሩ፣ ሳምቡሳ ይቅመሱ። ከሁሉ በላይ ግን በቦርሳዎ አንድ ሜትር ይያዙ።

እኛ ምን ገዛን? ልጄ ራሱ ለአክስቱ ደወለ። “ሁለት እንደዚያችው የሚገጣጠሙ፣ ከዚያ በቀረው ብር የብረት መሽከርከሪያ ላኪልኝ። የተገጠመ አልፈልግም፤ አባባ ምን ይሠራል?” አላት።

የመጀመሪያዋ ፉርጎ አሁን አዲስ አበባ መደርደሪያችን ላይ ናት። ጎኗ ላይ የነበረውን የአሜሪካ ኩባንያ ስም አባቴ በቀጭን ብሩሽ ሸፍኖ በነጭ ቀለም “ድሬዳዋ” ብሎ ጽፎበታል። እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ፣ አሁን ወደ ገበያ ሲሄድ በጣቢያው በኩል ነው የሚያልፈው። ጥበቃው ሁልጊዜ “ፉርጎዎቹ መጡ?” ብሎ ይጠይቀዋል።